የትኛው መዳብ? የመዳብ ውህዶችን ቀመር ስለ መጻፍ

[የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።]

የዛሬው የኬሚስትሪ ዝግጅታችን እርሳስና ወረቀት ይፈልጋል። መንገድ ላይ ያላችሁ በጆሯችሁ ተከተሉን፤ ቤት ያላችሁ ግን ጻፉ። ቀመር በመስማት ብቻ አይለመድም።

ከሸዋ ሮቢት እንነሣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢው ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ይፋት ቆላ ገባን ማለት ነው። ከሮቢ ወንዝ አንሥቶ በጀውሃ በኩል እስከ አጣዬ ድረስ ማሾው፣ ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። ሙቀትና የመስኖ እርጥበት ሲገናኙ ግን ለሰብል ብቻ ሳይሆን ለሻጋታም ይመቻል። ቅጠሉ ጠቃጠቆ ያወጣል፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ገበሬውም «ምች መታው» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል።

ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ በዓለም ላይ ከሚረጩት መድኃኒቶች መካከል መዳብ ያለባቸው ብዙ ናቸው። በማሸጊያቸው ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ወይም ኮፐር ኦክሲክሎራይድ የሚል ስም ይጻፋል። ስሙን ወደ ቀመር መለወጥ የሚችል ተማሪ በአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ ስንት ግራም መዳብ እንዳለ ለአባቱ አስልቶ ሊነግረው ይችላል። ዛሬ የምንደርሰው እዚያ ድረስ ነው።

በቅድሚያ ስለ አነባበብ እንስማማ። በሬዲዮ ሰሌዳ የለንም። ስለዚህ እኔ ፊደሉን እጠራለሁ፤ «ከታች 2» ስል ቁጥሩን ከፊደሉ በስተቀኝ ዝቅ አድርጋችሁ በትንሹ ትጽፋላችሁ። «ቅንፍ» ስል ቅንፍ ትከፍታላችሁ፤ «ዝጋ» ስል ትዘጋላችሁ።

የመዳብ ምልክት ሲዩ ነው፦ ትልቅ ሲ፣ ትንሽ ዩ። በእንግሊዝኛ «ኮፐር» ስለሚባል ብዙ ተማሪ ሲኦ ብሎ ይጽፋል። ምልክቱ የተወሰደው ግን ኩፕረም ከሚለው የላቲን ስሙ ነው። ትልቅ ሲና ትንሽ ኦ ከጻፋችሁ ኮባልት የሚባል ሌላ ብረት ጽፋችኋል። ሁለቱንም ፊደል ትልቅ ካደረጋችሁ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ የተኛን ሰው የሚገድለው ጋዝ። በኬሚስትሪ የፊደል መጠን የጽሕፈት ውበት ጉዳይ አይደለም።

በፊደልና በቁጥር የመጻፉን ዘዴ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያወጣው ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊየስ ነው። እሱ ቁጥሮቹን ከፊደሉ በላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ወደ ታች የወረዱት በኋላ ነው። ነገር ግን ቀመር የሚባል ነገር ከመጻፉ በፊት የአንድ ውህድ ድርሻ ይለዋወጣል ወይስ አይለዋወጥም የሚለው ክርክር መዘጋት ነበረበት፤ ለመዘጋቱ ከረዱት አንዱ መዳብ ነው። ስፔን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፕሩስት በ1799 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ከመሬት የተቆፈረውን አረንጓዴ የመዳብ ካርቦኔት እና ራሱ በቤተ ሙከራ የሠራውን አነጻጸረ። የመዳቡ፣ የካርቦኑና የኦክስጅኑ ድርሻ በሁለቱም አንድ ሆነ። ተፈጥሮም ትሥራው ሰው፣ የአንድ ውህድ ድርሻ አይለዋወጥም። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ከታች 2 ወይም ከታች 3 ብለን የምንጽፈው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የመዳብ አስቸጋሪነቱ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሶዲየም ሁልጊዜ አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ካልሲየም ሁልጊዜ ሁለት። መዳብ ግን 29 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አንዳንዴ የውጨኛዋን አንዷን ብቻ ይለቅና ፖዘቲቭ 1 ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌላ አንድ ጨምሮ ፖዘቲቭ 2 ይሆናል። ስለዚህ «ኮፐር ኦክሳይድ» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ያልተሟላ ፈተና ነው። የትኛው መዳብ?

ለዚህ ነው በስሙ መካከል በቅንፍ የሮማ ቁጥር የሚገባው። ኮፐር አንድ ኦክሳይድ፣ ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ እያልን እናነባለን። በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ኩፕረስ ካላችሁ ባለ 1፣ ኩፕሪክ ካላችሁ ባለ 2 መሆኑን ያዙ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ይኸው ነውና። የሮማው ቁጥር የሚነግረን ስንት መዳብ እንዳለ አይደለም፤ እያንዳንዱ መዳብ ስንት ኤሌክትሮን እንደለቀቀ ነው። ኦክስጅን ሁለት ኤሌክትሮን ይፈልጋል፤ ኔጌቲቭ 2 ነው። ኮፐር አንድ ኦክሳይድን እንጻፍ። አንዱ መዳብ የሚሰጠው 1 ብቻ ስለሆነ ለአንድ ኦክስጅን ሁለት መዳቦች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሲዩ ከታች 2፣ ኦ። ጻፋችሁ? ስሙ «አንድ» እያለ በቀመሩ ውስጥ ሁለት መዳብ ተቀመጠ። ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ ደግሞ አንዱ መዳብ ብቻውን ሁለቱንም ስለሚሰጥ በቀጥታ ሲዩ ኦ ነው። ስሙ «ሁለት» እያለ ቀመሩ ላይ አንድም ቁጥር የለም። የሮማውን ቁጥር እንዳለ ወደ ታች የሚያወርድ ተማሪ ሁለቱን ገልብጦ ይጽፋቸዋል።

ሁለቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም የሚለያዩት። ኮፐር አንድ ኦክሳይድ ቀይ ነው። ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ ጥቁር ነው፤ የተላጠ የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ ቆይቶ ሲጠቁር ያያችሁት እሱን ነው። መዳቡም ኦክስጅኑም ያው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ቀለሙም ጠባዩም ተለወጠ።

ሥራውን በሙሉ የያዘው ደንብ አንድ ነው። የቀመሩ ፖዘቲቭ ድምርና ኔጌቲቭ ድምር ተጣፍተው ዜሮ መሆን አለባቸው። በሽንኩርት ወቅት የሮቢት ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን እንደሚዘጋው ነው፤ ከሰጪም ከተቀባይም ወገን ምንም መቅረት የለበትም።

በዚህ ደንብ ጥቂት እንሥራ። ክሎሪን ኔጌቲቭ 1 ነው። ኮፐር አንድ ክሎራይድ፦ 1 ለ1፣ ሲዩ ሲኤል። ኮፐር ሁለት ክሎራይድ፦ መዳቡ 2 ሰጥቷልና ሁለት ክሎሪን ይቀበላሉ፤ ሲዩ ሲኤል ከታች 2። ሰልፈር እንደ ኦክስጅን ኔጌቲቭ 2 ስለሆነ ኮፐር አንድ ሰልፋይድ ሲዩ ከታች 2 ኤስ፣ ኮፐር ሁለት ሰልፋይድ ሲዩ ኤስ ይሆናሉ። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ እንለፋቸው።

ትንሽ የሚከብዱት በቡድን የሚንቀሳቀሱት ናቸው። ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኦ ኤች፣ በአንድነት ኔጌቲቭ 1 ነው። ናይትሬት፣ ኤን ኦ ከታች 3፣ እሱም ኔጌቲቭ 1። ሰልፌት፣ ኤስ ኦ ከታች 4፣ ኔጌቲቭ 2። ካርቦኔት፣ ሲ ኦ ከታች 3፣ ኔጌቲቭ 2። ፎስፌት፣ ፒ ኦ ከታች 4፣ ኔጌቲቭ 3። እነዚህን በቃል ከማጥናት ውጭ አቋራጭ የለም።

ኮፐር ሁለት ሃይድሮክሳይድን እንጻፍ። መዳቡ 2፣ ኦ ኤች 1፤ ስለዚህ ሁለት ኦ ኤች። ሲዩ፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 2። ቅንፉን ብትተዉት ሁለቱ ቁጥር ለኤች ብቻ ይሆንና አንድ ኦክስጅን ይጠፋባችኋል። ቡድኑ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ቅንፍ አያስፈልግም፤ ኮፐር ሁለት ሰልፌት ሲዩ ኤስ ኦ ከታች 4 ብቻ ነው። ኮፐር ሁለት ፎስፌትስ? መዳብ 2 እየሰጠ ፎስፌት 3 እየፈለገ የሚገናኙት 6 ላይ ነው፤ ሦስት መዳብ፣ ሁለት ፎስፌት። ሲዩ ከታች 3፣ ቅንፍ፣ ፒ ኦ ከታች 4፣ ዝጋ፣ ከታች 2። ኦክስጅኖቹን ቁጠሩ፤ 4 በ2፣ 8 ናቸው።

ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ቁጥሮቹን አቆራርጦ ወደ ታች ማውረድን ነው። የመዳቡ ቁጥር ወደ ወዲያ፣ የሌላኛው ወደ ወዲህ፤ የሚጣፋ ካለ ማጣፋት። እኔ ብዙ አልወደውም። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ለምን እንደሚሠራ ሳይገባን እንድናልፍ ያደርገናል። ሁለት ነገር ብቻ ሲገናኝ ይረዳል፤ ሦስተኛ ሲገባ ይከዳል።

ማሳያው ያ በማሸጊያው ላይ ያየነው ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ነው። ቀመሩ ሲዩ ከታች 2፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 3፣ ሲኤል። ምኑን ከምኑ ታቆራርጡታላችሁ? መዝገቡን ዝጉ እንጂ። ሁለት መዳብ እያንዳንዱ 2፣ ድምሩ ፖዘቲቭ 4። ሦስት ኦ ኤች ኔጌቲቭ 3፣ አንድ ክሎሪን ኔጌቲቭ 1፤ ድምሩ ኔጌቲቭ 4። ተጣፉ።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ሰማያዊው ጠጠር እንምጣ። በቤተ ሙከራ ያያችሁት የሚያምር ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት ሲዩ ኤስ ኦ ከታች 4 ብቻ አይደለም። በውስጡ የተያዘ ውሃ አለው፤ ለአንድ ኮፐር ሰልፌት አምስት ውሃ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ሲዩ ኤስ ኦ ከታች 4፣ ከዚያ በመስመሩ መካከል ነጥብ፣ ከዚያ ትልቅ 5፣ ኤች ከታች 2 ኦ። አምስቱ ከታች አይጻፍም፤ ከውሃው ፊት ለፊት በሙሉ ቁመቱ ይቆማል። ነጥቡም የማባዛት ምልክት አይደለም። ጠጠሩን በሙከራ ቱቦ ስታሞቁት ውሃው ይወጣና ነጭ ዱቄት ይሆናል። በነጩ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ስታደርጉ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ሰማያዊነቱ የመዳቡ ብቻ መስሎት ለኖረ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው።

ይህ ውሃ የገንዘብም ጉዳይ አለው። እናስላ። መዳብ 63.5፣ ሰልፈር 32፣ አራት ኦክስጅን 64፤ ድምሩ 159.5። አምስት ውሃ በ18 ሲባዛ 90። ጠቅላላው 249.5። መዳቡን 63.5ን ለ249.5 ስታካፍሉ 25 ከግማሽ ከመቶ አካባቢ ነው። ከአንድ ኪሎ ሰማያዊ ጠጠር 255 ግራም ያህል መዳብ ይገኛል፤ 360 ግራሙ ውሃ ነው።

ኮፐር ሃይድሮክሳይድንስ? መዳብ 63.5፣ ሁለት ኦክስጅን 32፣ ሁለት ሃይድሮጅን 2፤ ድምሩ 97.5። የመዳቡ ድርሻ 65 ከመቶ። ኮሳይድ 101 በሚባለው በዓለም ላይ በታወቀ መድኃኒት ላይ 77 ከመቶ ኮፐር ሃይድሮክሳይድ፣ 50 ከመቶ ንጹሕ መዳብ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ግን 77 ከመቶውን በ65 ከመቶ አባዙት፤ 50 ከመቶ ይመጣል። ፋብሪካው የነገረንን በእርሳስ አረጋገጥን ማለት ነው።

መዳብ ለሰብል መድኃኒት የሆነበት ታሪክ ከመንገድ ዳር ማሳ ይጀምራል። ለይፋት ሰው አይጠፋውም፤ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ማሳ አላፊ አግዳሚው ይቀጥፈዋል። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አካባቢ ያሉ የወይን ገበሬዎችም ያው ችግር ስለነበረባቸው የመንገድ ዳሩን ተክል የኮፐር ሰልፌትና የኖራ ብጥብጥ ይረጩት ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ የሚያስፈራ፣ ሲቀመስም የሚመር እንዲሆን። በ1882 እ.ኤ.አ. ፒየር ሚላርዴ የሚባሉ የዕፅዋት ሊቅ በዚያ ሲያልፉ መሀል ማሳው በሻጋታ ሲረግፍ የመንገድ ዳሩ ቅጠል ጤነኛ መሆኑን አዩ። መርምረው በ1885 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳወቁ። የቦርዶ ብጥብጥ የሚባለው እሱ ነው።

ቀመሩ ምን ይሆናል? ሲዩ ኤስ ኦ ከታች 4 ሲደመር ውሃ የጠጣ ኖራ፣ ማለትም ሲኤ፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 2። ካልሲየሙና መዳቡ ሁለቱም ፖዘቲቭ 2 ናቸውና ጓዶቻቸውን ይለዋወጣሉ፦ ኮፐር ሃይድሮክሳይድ እና ካልሲየም ሰልፌት። በእውነቱ ከሆነ በባልዲው ውስጥ የሚገኘው ከዚህ የተወሳሰበ፣ ሰልፌትም ሃይድሮክሳይድም ያለበት የመዳብ ውህድ ነው። ለዛሬው ትምህርት ግን ይህ ይበቃናል። ቁም ነገሩ አዲሱ ውህድ በውሃ በቀላሉ አለመሟሟቱ ነው። ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፤ መዳቡን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ያልተቀላቀለው ኮፐር ሰልፌት ግን ይሟሟና ቅጠሉን ራሱን ያቃጥለዋል።

ኖራው መብቃቱ በምን ይታወቃል? የጥንት ወይን ገበሬዎች ንጹሕ የብረት ቢላ ብጥብጡ ውስጥ ይነክሩ ነበር። ቢላው የመዳብ ቀለም ከያዘ ኖራ ይጨመራል። ብረት ከመዳብ ይበልጥ ኤሌክትሮን የመልቀቅ ጠባይ ስላለው፣ የተሟሟውን መዳብ ከቦታው ያስለቅቅና ራሱ ይገባበታል፤ የተባረረው መዳብ ቢላው ላይ ይለብጣል። በቀመር፦ ኤፍኢ ሲደመር ሲዩ ኤስ ኦ ከታች 4 ይሰጣል ኤፍኢ ኤስ ኦ ከታች 4 ሲደመር ሲዩ። በዚሁ ምክንያት ኮፐር ሰልፌት በብረት ባልዲ አይበጠበጥም፤ ባልዲው ይበላል።

ከመቀጠላችን በፊት ለገበሬ አድማጮቻችን አንድ ነገር እንበል። መዳብ ንጥረ ነገር ስለሆነ አፈር ውስጥ እንደ ሌሎች መድኃኒቶች በስብሶ አይጠፋም፤ ይከማቻል። ዓሣንም ይገድላል። መጠኑን ከማሸጊያው ላይና ከቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ውሰዱ፤ መርጫውን ሮቢ ወንዝ ወርዳችሁ አትጠቡ። ባዶውን ዕቃ ደግሞ ለውሃ መቅጃ ማድረግ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ኮፐር ሰልፌት በሌላም በኩል ወደ ውሃ ገብቷል። የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድጉትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል በግብጽና በሱዳን የመስኖ ቦዮች ውስጥ ተጨምሯል። ይገድላቸዋል፤ ግን ዋጋው ለድሃ አገር ከባድ ነው፣ ሌላውንም የውሃ ፍጥረት አይምርም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው፤ ከውጭ የሚገዛውን ኬሚካል የሚተካ ነገር በጓሯችን ተገኘ።

ወደ ሁለቱ ኦክሳይዶች እንመለስ። የመዳብን ሁለት መልክ በአንድ ዕቃ ላይ ማየት የሚፈልግ ከአያቱ ሣጥን ውስጥ የ1936 ዓ.ም. ሳንቲም ይፈልግ፤ የጃንሆይ ምስል ያለበትን፣ አብዛኛው መዳብ የሆነውን ቡናማውን። ቀላ ያለው ቡናማ ሽፋኑ ኮፐር አንድ ኦክሳይድ ነው፤ የጠቆረው ላይ ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ ይኖርበታል። እርጥበት ያገኘው ደግሞ አረንጓዴ አውጥቶ ይሆናል። የአክሱም ነገሥታት ያስመቱት የመዳብ ገንዘብ ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ ለብሶ ነው። ጨው ባለበት አፈር ክሎሪን ገብቶበት ከሆነ በሆዱ ኮፐር አንድ ክሎራይድ ይፈጠራል፤ ይህ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ወደ አመድማ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፤ ገንዘቡም እየተፈረፈረ ይሄዳል። የሙዚየም ሰዎች የሚፈሩት በሽታ ነው። የዱቄቱ ቀመር? ሲዩ ከታች 2፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 3፣ ሲኤል። ቅድም የጻፋችሁትን ተመልከቱ፤ ለቲማቲም የሚረጨው ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ነው። እዚያ ሰብል ያድናል፣ እዚህ ታሪክ ይበላል።

የቀረን የፕሩስት አረንጓዴ ካርቦኔት ነው፤ ማላካይት ይባላል። ሁለት መዳብ፣ አንድ ካርቦኔት፣ ሁለት ኦ ኤች አለው። ፖዘቲቭ 4፤ ኔጌቲቭ 2 እና 2። ሲዩ ከታች 2፣ ሲ ኦ ከታች 3፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 2። ከማላካይት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ አዙራይት የሚባል ሰማያዊ ማዕድን አለ። ሦስት ባለ 2 መዳብ እና ሁለት ኦ ኤች አለው፤ ካርቦኔቱ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሙዚቃው እስኪያልቅ ሠርታችሁ ጠብቁኝ።

[ሙዚቃ፣ 30 ሰከንድ]

ሦስት መዳብ ፖዘቲቭ 6 ይሰጣል። ሁለት ኦ ኤች 2ቱን ወሰዱ፤ 4 ቀረ። ካርቦኔት አንዱ 2 ስለሚወስድ ሁለት ካርቦኔት ያስፈልጋል። ሲዩ ከታች 3፣ ቅንፍ፣ ሲ ኦ ከታች 3፣ ዝጋ፣ ከታች 2፣ ቅንፍ፣ ኦ ኤች፣ ዝጋ፣ ከታች 2። ኦክስጅኖቹ በጠቅላላው 8 ካልመጡላችሁ አንዱን ቅንፍ ረስታችኋል።